ስድስት ጊዜ የተተረተረው ኮፍያ

ኪሮሽ የምሠራ አባት ነኝ። ይህን ስናገር ሰው ፊት ላይ የሚመጣውን ነገር ለምጄዋለሁ። መጀመሪያ ትንሽ ፈገግታ፣ ቀጥሎ «አንተ? በእጅህ?» የሚል ጥያቄ፣ ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ እስካሳይ ድረስ የማያምን ዓይን። አዎ፣ በእጄ። በእግር የሚሠራ ኪሮሽ እስካሁን አላየሁም።

የጀመርኩት ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ አማቴ እኛ ጋ ለጥቂት ሳምንታት ባረፉበት ጊዜ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እሳቸው ከሶፋው አንድ ጥግ ኪሮሻቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፣ እኔ ከሌላው ጥግ ስልኬን ይዤ እጋደማለሁ። አንድ ቀን ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ያ ስልክ እጅህ ላይ በቀለ እኮ» አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ትርፍ ኪሮሽና የተረፈች ልቃቂት አቀበሉኝና «በል ያዝ» አሉ። በመጀመሪያው ሰዓት ያወጣሁት ነገር ቢኖር ገመድ ነው፤ ያውም ኪሮሹ ተመልሶ የማይገባበት ደረቅ ገመድ። «ክሩን አንቀህ አትያዘው፣ የትም አይሄድብህም» ይሉኝ ነበር በየአምስት ደቂቃው። እስከዛሬ ድረስ ስናደድ ክሬ ይጠብቃል። ባለቤቴ የዋልኩበትን ስሜት ከሥራዬ ታነበዋለች፤ «እዚች መስመር ላይ ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?» ትለኛለች።

ከዚያ በፊት የእጅ ሥራ ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም። ቀለም ቅብ ሞከርኩ። ትልቋ ልጄ ከመኝታ ቤት ስትጠራኝ ሄጄ፣ ውኃ ሰጥቼ፣ አልጋ ሥር ጅብ አለመኖሩን አረጋግጬ ስመለስ ቀለሙ ሳህኑ ላይ ደርቋል፣ ብሩሹም እንደ ችካል ቆሟል። ትኩስ ሙጫ የሚተፋውን መሣሪያ ገዛሁ። እሱ ደግሞ ከአፍንጫው እንደወጣ በሰከንዶች ውስጥ ካላጣበቅከው ይደርቃል፤ ሳይደርቅ ከነካህ ደግሞ ያቃጥላል፤ የሚድህ ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ሽቦው ወለል ላይ ተጋድሟል። ዶቃን ባናነሳው ይሻላል። በጨለማ በባዶ እግሩ ዶቃ ረግጦ የሚያውቅ ይረዳኛል።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው «የቱ ያምራል?» እያልኩ ነበር። ትናንሽ ልጆች ያሉት ሰው መጠየቅ ያለበት ግን «የቱ ነው ሳይበላሽ የሚቋረጠው?» ብሎ ነው። አንድ ቅዳሜ በሰዓት ለካሁት፤ ቤት ውስጥ ማንም ሳይጠራኝ የቆየሁበት ረጅሙ ጊዜ 11 ደቂቃ ነበር፣ ያውም ትንሹ እንቅልፍ ስለወሰደው።

ሹራብ የምትሠሩ እንዳትቀየሙኝ እንጂ፣ በሁለት መርፌ ሲሠራ የመስመሩ ቀለበቶች በሙሉ መርፌው ላይ ተደርድረው ነው የሚጠብቁት። መቶ ከሆኑ መቶውም ክፍት ናቸው። አንዷ ካመለጠች እንደ መሰላል እየተፈታች ወደ ታች ትወርዳለች፤ ሕፃን መጥቶ መርፌውን መዘዝ ካደረገው ደግሞ ምሽቱ በለቀማ አለቀ። ኪሮሽ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ሆና የምትቆየው አንዲት ቀለበት ብቻ ናት። የቀረው ሁሉ ተቋጥሮ አልቋል። ጥሪ ሲመጣ ያቺን አንዷን ሳብ አድርጌ መርፌ ቁልፍ አስገባባትና እሄዳለሁ። ከሁለት ደቂቃ በኋላም ከሁለት ሳምንት በኋላም ብመለስ እዚያው ትጠብቀኛለች። ለእኔ ኪሮሽን ከሌላው ሁሉ ያስበለጠው ይህ ብቻ ነው። ውበቱ ኋላ ነው የመጣው፣ ያውም አንዳንዴ።

ወደ ኮፍያው ልግባ።

ትልቋ ልጄ ስምንት ዓመት ሲሞላት የሱፍ ኮፍያ እንድሠራላት ጠየቀችኝ። የኮፍያ አናት ጠፍጣፋ ክብ ነው። አጭር በሚባለው የኪሮሽ አሠራር ሲሠራ ክቡ በስድስት ቋጠሮ ይጀምርና በየዙሩ ስድስት ስድስት ይጨመርበታል፤ 6፣ 12፣ 18፣ 24፣ 30 እያለ ይሄዳል። ከዚያ ካሳነስክ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይሰበሰብና ጎድጓዳ ይሆናል። ካበዛህ ደግሞ ጠርዙ መሄጃ ያጣና እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይጥመለመላል። እኔ ከልጆቹ ጋር እያወራሁ እየቆጠርኩ ስለነበር፣ ሳላውቀው ጭማሪውን በየዙሩ እጥፍ አድርጌው ኖሯል። ልጄ አንስታ አገላብጣ አየችውና «አባዬ፣ ይሄ ኮፍያ ነው ወይስ አበባ?» አለችኝ። ተረተርኩት። አንድ።

በነገራችን ላይ፣ ያ የተጥመለመለ ነገር ዩኒቨርሲቲ የገባ ስህተት ነው። ዳይና ታይሚና የተባለች የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1997 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሃይፐርቦሊክ የሚባለውን የጂኦሜትሪ ዓይነት ለማሳየት በኪሮሽ ሠርታዋለች። እስከዚያ ድረስ ሞዴሉ ከወረቀት ነበር የሚሠራው፤ ወረቀት ደግሞ ሲታጠፍና ሲነካካ ይቀደዳል። እሷ በየዙሩ በእኩል ምጣኔ እያበዛች ስትሄድ ተማሪዎች በእጃቸው ይዘው የሚያጣጥፉት ነገር ወጣላት። ይህን ያነበብኩት ኮፍያውን ከተረተርኩ በኋላ መሆኑ እስከዛሬ ያናድደኛል። ፍሬም ውስጥ አስገብቼ እሰቅለው ነበር።

ሁለተኛው የስንፍና ዋጋ ነው። ሥራ ከመጀመር በፊት በተመረጠው ክርና ኪሮሽ 10 በ10 ሳንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ ተሠርቶ ይቆጠራል። ማንም ይህን መሥራት አይወድም፣ እኔም ዘለልኩት። መመሪያው በ10 ሳንቲሜትር ውስጥ 15 ቋጠሮ ይላል፤ የእኔ እጅ ያን ሳምንት ላልቶ ኖሮ 13 ነው የሚያወጣው። ሁለት ብቻ ነው ልዩነቱ፣ ምን ያመጣል? 12ኛው ዙር ላይ 72 ሲደርስ፣ በ15 ቢሆን ዙሪያው 48 ሳንቲሜትር ይሆን ነበር፤ በ13 ግን ከ55 ይበልጣል። የልጄ ጭንቅላት 51 ነው። ኮፍያ ደግሞ ለጠጥ ብሎ እንዲይዝ ከጭንቅላቱ ትንሽ ማነስ አለበት። ስታደርገው ዓይኗን አልፎ አፍንጫዋ ላይ አረፈ። «አይታየኝም ግን ይሞቃል» አለች፣ እንዳታሳዝነኝ ብላ። ሁለት።

እዚህ ጋ ስለ ቆጠራ አንድ ነገር ካላልኩ አይሆንልኝም። ስቆጥር የሚያናግረኝ ሰው ካለ መልስ የምሰጠው ቁጥሩን ጮክ በማለት ነው። «ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት» ካልኩ «ቆይ» ማለቴ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሠራ። ከዚያ ልጆቹ ዘዴውን ነቁበትና ከጎኔ ቆመው «አርባ ሰባት! አሥራ ዘጠኝ! መቶ!» ይሉ ጀመር። አሁን በየአሥሩ ላይ ሌላ ቀለም ያላት ቁራጭ ክር አስራለሁ፤ የፈለጉትን ይጩኹ። ባለቤቴ ደግሞ የራሷ ቅሬታ አላት። «ይቺን ዙር ልጨርስ» የሚለው ንግግሬ ውሸት ነው ትላለች። ክብ ሥራ ላይ ዙሩ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ መጀመሪያ ላይ ግማሽ ደቂቃ የነበረው ዙር ኋላ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ይህን ላስረዳት ስሞክር ሥዕል ሳይቀር ስያለሁ። «የአንተን ዙር በደቂቃ ንገረኝ» ነው መልሷ። ማንኪያ መሳቢያ ውስጥ ስላገኘችው ልቃቂት ደግሞ እስካሁን ማብራሪያ አልሰጠሁም።

ሦስተኛው ቀለም ነው። አንድ ልቃቂት አልበቃ ብሎኝ ያንኑ ሰማያዊ ደግሜ ገዛሁ። ማታ በመብራት አንድ ናቸው። ጠዋት መስኮት ጋ ሳወጣው ኮፍያው ግማሹ ሌላ ሰማያዊ ሆኗል። ልቃቂቱ ላይ ባለው ወረቀት ከቀለሙ ቁጥር ሌላ፣ አብሮ የተነከረበትን ዙር የሚያሳይ ቁጥር አለ። ሁለቱም ካልገጠሙ ቀለሙ አንድ ላይሆን ይችላል። አራተኛው፣ ልጄ ሐሳቧን ቀየረች፣ ግማሹ ቀይ ይሁን አለች። ሆነ።

አምስተኛው ላይ የድመት ጆሮ ይኑረው ተባለ። ኮፍያውን ከነጆሮው የሚያሳይ መመሪያ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁና ከላዩ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ማንም ያልነገረኝ ነገር አሜሪካኖችና እንግሊዞች ለአንድ ዓይነት የኪሮሽ ሥራ የተለያየ ስም መስጠታቸውን ነው። አሜሪካኑ «ሲንግል» የሚለውን አጭሩን ዓይነት እንግሊዙ «ደብል» ይለዋል፤ አሜሪካኑ «ደብል» ሲል ደግሞ ረጅሙን ማለቱ ነው። መመሪያው የእንግሊዝ ነበር፣ እኔ በአሜሪካን አነበብኩት። ድመት ልሠራ ተነስቼ ጥንቸል ሠራሁ። ኮፍያውም ወደ ላይ ተመዘዘና የጠርሙስ ልብስ መሰለ። ለወደፊቱ የሚጠቅማችሁ ካለ፣ መመሪያው ውስጥ «ሲንግል ክሮሼት» የሚል ቃል ካያችሁ የአሜሪካን ነው፤ እንግሊዞቹ ዛሬ በዚያ ስም የሚጠሩት የላቸውም ማለት ይቻላል።

ስድስተኛው የትንሹ ሥራ ነው። መርፌ ቁልፏን ሳላስገባ ስልክ ላነሳ ተነሳሁ። ውሉን አገኘው። ውል የጠፋበት ክር ለማንም አይፈታም፣ ውሉን ያገኘ ልጅ ግን ሩጫ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሳሎኑን ዞሮ፣ በኮሪደሩ አልፎ፣ አልጋው ሥር ገብቶ እስኪያልቅ ድረስ ሮጠበት። ኪሮሽን ሳይበላሽ የሚቋረጥ ያደረገችው ያቺ አንዲት ክፍት ቀለበት፣ ካልተያዘች ሁሉንም ነገር ይዛ ትሄዳለች። ይህን አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ።

ክሩ ያን ጊዜ እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። የተተረተረ ክር እንደ ፀጉር ጥቅልል ይሆናል፤ እንደዚያው ሆኖ ከተሠራበት ሥራው ይንጋደዳል። የወንበር መደገፊያ ላይ ዙሪያውን ጠቅልዬ፣ በቀዝቃዛ ውኃ አርሼ፣ እስኪደርቅ እተወዋለሁ። ያን ጊዜ ይቃናል። ለሁለት ቀን ማንም በዚያ ወንበር አይቀመጥም።

መተርተሩን ልጆቹ ፊት ነው የማደርገው፤ አስቤበት ሳይሆን ሌላ ቦታ ስለሌለኝ። ትልቋ ያን ሰሞን አንዲት ፊደል ከተበላሸችባት ገጹን ሙሉ ቀዳ የምትጥል ልጅ ነበረች። ደብተሯ ገጽ አልቆበት ሽፋኑ ብቻ የሚቀር ይመስለኝ ነበር። ሦስተኛው ኮፍያ ላይ ክሩን እየሳብኩ ስተረትር መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና «አያናድድህም?» አለችኝ። «በጣም ነው የሚያናድደኝ» አልኳት። «ታዲያ ለምን አትጥለውም?» ክሩ ደህና ነው፣ የተበላሸው አሠራሩ ነው አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «እኔ ልሳብ?» አለችና እሷ እየሳበች እኔ ወደ ልቃቂቱ መለስኩት። እውነት ለመናገር ከመሥራቱ ይልቅ እሱን ወዳዋለች። ገጽ መቅደዱን በሆነ ጊዜ ተወችው። ከኪሮሹ የተነሳ ነው ብዬ አልምልም፤ አድጋም ሊሆን ይችላል፣ አስተማሪዋም ተቆጥታት ሊሆን ይችላል። አሁን ግን ሒሳብ ስትሳሳት «ይተርተር» ትላለች።

ትንሹ ለኪሮሽ ገና ነው። አራት ዓመቱ ነው፤ ብረቱን ከሰጠሁት ሰይፍ ያደርገዋል። ግን ሰንሰለቷን በጣት ብቻ መሥራት ይቻላል። ወፍራም ክር፣ አንድ ቀለበት፣ ጣት አስገብቶ ክሩን መሳብ፣ እንደገና። ይህን ከያዘ በኋላ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእኛ ቤት ድር ያሰረው የወንበሮቹን እግር ከበሩ እጀታ ጋር ነው፣ ተጠልፎ የወደቀውም አንበሳ ሳይሆን ሌሊት ውኃ ለመጠጣት የተነሳው እኔ ነኝ። ሲሠራ አጠገቡ ሰው አለ፤ ሲያበቃ ሰንሰለቱ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጣል። ረጅም ገመድ አንገት ላይ ይጠመጠማልና በዚህ አልቀልድም። አሻንጉሊት ላይም እንዲሁ። መጀመሪያ የሠራሁለት ድብ ዓይኑ ሁለት ቁልፍ ነበር፣ አጥብቄ የሰፋሁት መስሎኝ። በሳምንቱ አንዱን ቁልፍ ከአፉ አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ልጅ ለሚይዘው ነገር ዓይኑንም አፍንጫውንም በክር ነው የምጠልፈው።

«ለምን አትሸጠውም?» የሚለውን ጥያቄ የሰማሁበትን ጊዜ ብቆጥር 72 ይደርሳል። ሰው በደግነት ነው የሚለው፣ ይገባኛል፤ ያማረ ነገር ሲያይ ገበያ ትዝ ይለዋል። ግን አስሉት። ኮፍያ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስድብኛል። ለባለቤቴ የሠራሁት ብርድ ልብስ 80 ሰዓት ገደማ በላ። ሹራብን ማሽን ከያዘው ቆይቷል፤ እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ ካልሲ የሚሠራውን ማሽን የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1589 ነው። እውነተኛ ኪሮሽ ግን ዛሬም የእጅ ሥራ ነው። ሱቅ ውስጥ በርካሽ ተሰቅሎ ካያችሁት አንድ ሰው የሆነ ቦታ ተቀምጦ በጣቱ ሠርቶታል፣ ምን እንደተከፈለውም መገመት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አየርላንድ ውስጥ በሽታ የድንቹን ምርት አውድሞ ረሃብ ሲገባ የኪሮሽ ዳንቴል ለብዙ ቤተሰቦች ነፍስ ማቆያ ሆኖ ነበር። እንደዚያ ያለ ችግር ቢመጣ እኔም ኪሮሼን ይዤ እወጣለሁ። አሁን ግን ደመወዝ አለኝ፤ የሌለኝ ነገር ማንም «መቼ ይደርሳል?» ሳይለኝ የምሠራው ሥራ ነው።

አንዴ ተታልዬ ሞክሬዋለሁ። የሆነ ሰው ለልደት ሦስት አንድ ዓይነት አሻንጉሊት አዘዘኝ። የመጀመሪያውን ወደድኩት። ሁለተኛውን ቻልኩት። ሦስተኛው ላይ ልጄ መጥታ ላሳይህ ስትለኝ «አሁን ሥራ ላይ ነኝ» አልኳት። ኪሮሽ ይዤ እንደዚያ ስል የመጀመሪያዬ ነበር። ሦስተኛውን ጨርሼ አስረከብኩና በቃኝ አልኩ።

ኮፍያው በሰባተኛው አለቀ። ትክክለኛ ክብ፣ ትክክለኛ ዙሪያ፣ አንድ ዓይነት ሰማያዊ፣ ቀይ ጠርዝ፣ የድመት የሚመስል ጆሮ። ዘጠኝ ቀን አደረገችው፤ እንድታወልቀው የምትለመነው ለመታጠብ ብቻ ነበር። በአሥረኛው ቀን ከፎጣዎቹ ጋር ሙቅ ውኃ ላይ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ የከተትኩት እኔው ነኝ። የበግ ሱፍ ላዩ ቅርፊት ያለው ነው፤ ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና መታሸት ሲገናኙ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ያኔ መላቀቅ የለም። ከማሽኑ የወጣው ኮፍያ ቡጢ ብቻ የሚያስገባ፣ እንደ ካርቶን ጠንካራ፣ ሁለት ደንዳና ጆሮ ያለው ነገር ነው።

እሷን ከመጥራቴ በፊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆሜ ቆየሁ። ስታየው ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ውሉን መፈለግ ጀመረች። አገላበጠችው፣ በጥፍሯ ሞከረች፣ አንዲትም ክር አልተነሳችላትም። «አይተረተርም?» አለችኝ። አይተረተርም አልኳት። ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሄዳ ኪሮሾቼን በሙሉ፣ ከ2.5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያሉትን፣ ሰብስባ አመጣችና አንድ በአንድ ውስጡ ሰካቻቸው። አሁን ይህን ስጽፍ ከፊቴ አለ፤ 4 ሚሊ ሜትሩ የለበትም፣ ትንሹ ወስዶት ይሆናል።